በሦስት ሺህ ኩንታል ጤፍ መካከል አንዲት ዳጉሳ
(በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በአየር ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት ባዕድ ጋዝ ለይቶ ስለሚያውቅ መሣሪያ ነው። «ጥቂት» ስል ምን ያህል ማለቴ እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። የአንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ክብደት 0.3 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ትሪሊዮን ፍሬ 3,000 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ጤፍ መካከል አንዲት የዳጉሳ ፍሬ ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ቢገኝ፣ «በትሪሊዮን አንድ» የሚባለውን አገኘ እንላለን።

ለዚህ ሥራ የበቃውን መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ገደማ የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ናሙናው በመጀመሪያ በረዥምና በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያም ጋዞቹ እንደየፍጥነታቸው ተለያይተው ተራ በተራ ይወጣሉ። ከዚያም ንጹሕ ናይትሮጅን እየነዳቸው ወደ አንዲት ትንሽ የብረት ክፍል ይገባሉ። በክፍሏ ውስጥ እንደ ኒኬል-63 ያለ ጨረር አመንጪ አለ። ጨረሩ ናይትሮጅኑን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያላቅቅ፣ ደካማ ነገር ግን የጸና የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ክሎሪን ያለበት ሞለኪውል የመጣ እንደ ሆነ ግን ኤሌክትሮኑን ይነጥቃል፤ ጅረቱም ይቀንሳል። የምንለካውም ይህንኑ መቀነስ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ያለው ንጽሕናው ላይ ነው። ኦክሲጅንም ኤሌክትሮን ይነጥቃልና፣ በአንድ መጋጠሚያ በኩል ጥቂት አየር ቢሾልክ መሣሪያው ይታወካል። የጎማ ቱቦ ብንጠቀም ጋዙን መጥጦ ይይዝና በማግሥቱ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የመሣሪያ ሠሪ የመጀመሪያ ጠላቱ ራሱ መሣሪያው ነው።

ሁለተኛው ጭንቅ ልኩን ማረጋገጥ ነው። መሣሪያው የሚነግረን ጅረቱ ምን ያህል እንደ ቀነሰ እንጂ የጋዙን መጠን አይደለም። መጠኑን ለማወቅ የታወቀ ቅልቅል አዘጋጅተን ማነጻጸር አለብን። አንዱን እጅ በሺህ እጅ አየር አራት ጊዜ ደጋግመን ብናቀጥን በትሪሊዮን አንድ እንደርሳለን። ነገር ግን በየደረጃው ወደ አንድ ወገን 2 ከመቶ ብንሳሳት፣ በመጨረሻው ስሕተታችን 8 ከመቶ ያህል ይሆናል።

በ1971 ላቭሎክ በገዛ እጁ የሠራውን መሣሪያ ይዞ ሻክልተን በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ ተጓዘ። ከፋብሪካ እጅግ በራቀው ውቅያኖስ ላይ ሳይቀር፣ ለማቀዝቀዣና ለመርጫ ቆርቆሮዎች ይውል የነበረውን ክሎሮፍሎሮካርቦን አገኘ። መጠኑም በትሪሊዮን ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ነበር። ጋዙ ሳይፈርስ በአየር ውስጥ እየተጠራቀመ መሆኑን ይህ ቁጥር አመለከተ።

ላቭሎክ ግን በ1973 ውጤቱን ሲያሳትም ጋዙ የሚያሠጋ አይደለም ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉት ሊቃውንት፣ ይኸው ጋዝ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ በፀሐይ ጨረር ሲፈርስ ክሎሪኑ ኦዞንን እንደሚያጠፋ አስረዱ። በ1985 በደቡብ ዋልታ ሰማይ ላይ የኦዞን መሳሳት ተገለጠ፤ በ1987ም መንግሥታት ጋዙን ለመገደብ በሞንትሪያል ተስማሙ። ላቭሎክም በዚያች ዓረፍተ ነገሩ መጸጸቱን አልደበቀም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ፍርዱ ነው። ሆኖም ቁጥሩ እንዳለ ስለ ተጻፈ ሌሎች ፍርዱን ሊያርሙት ቻሉ። ቁጥሩ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ምን ይታረም ነበር?

ይህን የምለው በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ዓመት በላቦራቶሪ ያገኘሁት ውጤት ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ ቢለኝ፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ ቁጥሩን «አስተካከልሁት»። ጥሩ ማርክም አገኘሁ። የተሳሳትሁት እኔ ልሁን ወይስ ሚዛኑ፣ ዛሬ ላውቅ ብፈልግ አልችልም፤ ማስረጃውን በገዛ እጄ ፍቄዋለሁና።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሙከራው አስቀድመን ባዶ ናሙና እንለካ፤ ያገኘነውንም ቁጥር ቢያሳፍረንም እንዳለ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ከመጽሐፉ ጋር ለተስማማው ብቻ ሳይሆን፣ ያልተስማማበትን ምክንያት ለመረመረው ተማሪ ማርክ እንዲሰጡልን በአክብሮት እንለምናለን። ውድ መሣሪያ እስኪመጣልን ድረስ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገን እርሳስና ደብተር ብቻ ነው።