በሽተኛ ከማስገባታችን በፊት የምናየው
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። አልጋ ላይ የወደቀውን ግን ቤተሰቡ ብቻውን ነው የሚያስታምመው። ስለዚህ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያለን ሰዎች አንድ ቀን ማገገሚያ ወይም መጦሪያ መፈለጋችን አይቀርም።

አንደኛ፣ ሁለቱን እንለይ። ዳሌው ተሰብሮ የታከመ ሰው የሚያስፈልገው ተነሥቶ እንዲራመድ የሚያለማምደው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ሲሻለው ቤቱ ይገባል። ዕድሜ ልክ መጦር ሌላ ነው። አቶ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ከጎዳና ለማንሣት ነው እንጂ ልጅ ያለው ሰው አባቱን እንዲያስገባበት አይደለም። በቡራዩ በኩል ገፈርሳ ያለው ማገገሚያም ለአእምሮ ሕሙማን ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሮውን ሳይሆን መኝታውን እንይ። በምሳ ሰዓት ሳንናገር እንሂድ። እጁ የማይታዘዝለትን የሚያጎርሰው አለ ወይ? መጸዳጃው መደገፊያ አለው ወይ? ሌሊት ስንት አስታማሚ ያድራል? መድኃኒቱስ ሲሰጥ በመዝገብ ይጻፋል ወይ? መገላበጥ ያቃተውን በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጡት ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላል፤ ሲብስም ለሞት ያደርሳል። ክፍያው ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ እንቀበል።

ሦስተኛ፣ ከገባም በኋላ በየሳምንቱ ተራ ገብተን እንጠይቀው። አንሶላውን ገለጥ አድርገን ተረከዙን እንይ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለቀብር ተራ መግባት የለመድን ሰዎች ለዚህ አናንስም።