ኮዱ ክፍት፣ መሣሪያው ዝግ፦ በእጅ የሚያዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች አጠቃቀምና ንድፍ

(በደሴ፣ ሆጤ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች በቃል ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



በዚህ አዳራሽ ውስጥ አብዛኞቻችሁ በኪሳችሁ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ይዛችኋል። ማንኛውም የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነውና። ይሁን እንጂ ያንን ከርነል አሻሽሎ በራሱ ስልክ ላይ መልሶ የጫነ ከመካከላችን ስንት ሰው ይገኛል? ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ከርነሉ የሚሰራጨው በጂፒኤል ሁለተኛ ቅጂ ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱ አምራቹ የከርነሉን ምንጭ ኮድ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ የተሻሻለው ኮድ በዚያው መሣሪያ ላይ እንዲጫን እንዲፈቅድ ግን አያስገድደውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው ቅጂ ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበ ነበር፤ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን ከርነሉን ወደዚያ ፈቃድ አላዛወረም። ስለዚህ ኮዱ ክፍት ሆኖ መሣሪያው ዝግ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚመስል በአገራችን የተካሄደ አንድ ሙከራ ያሳየናል። በ2004 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በሁለት የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ 40 ያህል ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ሰጠ። አንደኛው መንደር በወንጪ የእሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ፣ ሌላው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ ይገኛል። ልጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ፤ መምህር አልተመደበላቸውም። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ ልጆቹ ምን ምን እንደነኩ የሚመዘግበውን ሜሞሪ ካርድ ደግሞ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየመጣ ይቀይራል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ሲናገር ዓለም ተገረመ። የታብሌቶቹ ካሜራ አስቀድሞ እንዳይሠራ ተደርጎ፣ የገጹም አቀማመጥ እንዳይለወጥ ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ካሜራውን አስነሡት፤ የየራሳቸውንም ገጽ እንደየፍላጎታቸው አሰናዱት።

አድናቆቱ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ብልሃት ሳይሆን እገዳው ነው። መሣሪያውን የሰጠው አካል መሣሪያው ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድሞ ወስኗል። ልጆቹ ማንበብ እንዲማሩ የታሰበውም በእንግሊዝኛ ነበር፤ አካባቢው አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት ሆኖ ሳለ። ከዚያ በፊት ያው ድርጅት ያሠራው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ለአገራችንም የደረሱት ኤክስ-ኦ የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ በሌላ መንፈስ የተነደፈ ነበር። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ በአንድ ካቻቪቴ ይፈታል፤ መለዋወጫ ብሎኖች በእጀታው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በኪቦርዱም ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ለማየት የተዘጋጀ ቁልፍ አለው። ከዚህ ወደ ታብሌት መሸጋገር በእኔ ግምት ወደ ኋላ መመለስ ነበር።

ዛሬ ለንድፍ ተማሪ የሚጠቅመው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በ150 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሸጥ የጀመረው ፓይንፎን ነው። አምራቹ የሰርኪዩት ንድፉን ማንም እንዲያየው አውጥቷል። ባለቤቱ የፈለገውን የሊኑክስ ሥርጭት ይጭንበታል። ከጀርባው ክዳን ሥር ስድስት ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ ሞደሙን፣ ዋይፋዩን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሁለቱን ካሜራዎች በየራሳቸው ያጠፋሉ። በወንጪ ካሜራውን የዘጋው ሌላ ሰው ነበር፤ እዚህ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ባለቤቱ ነው። ባትሪውም ሳምሰንግ ጄ7 ከሚጠቀምበት ዓይነት ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ ከማንኛውም የሞባይል ዕቃ ሱቅ ሊገኝ ይችላል።

ጉድለቱን አልሸፋፍንም። አንጎለ ኮምፒዩተሩ ዘገምተኛ ነው፤ የካሜራው ጥራት ዝቅተኛ ነው፤ የሞደሙ የውስጥ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ ክፍት አይደለም። ለወላጆቻችሁ እንድትገዙላቸው አልመክርም! ለመማሪያነት ግን በዋጋው የሚስተካከለው ብዙ አይደለም።

የቋንቋውን ጉዳይ ጠለቅ ብዬ ልመልከተው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። ይኸው ሥርዓት ዛሬም በሊኑክስ ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይገኛል። «ጸ» እና «ፀ» የተቀመጡበት ቦታ ካልተመቻችሁ ፋይሉን ከፍታችሁ ትቀይራላችሁ፤ ለጓደኛችሁም ትሰጣላችሁ። በአውራ ጣት ለሚተየብበት ትንሽ ኪቦርድ ደግሞ ሰባቱን ሆሄያት በስንት ንክኪ ማውጣት እንደሚሻል ገና ብዙ ሊጠና ይችላል። በተዘጋ መሣሪያ ላይ ግን አምራቹ ከፈቀደው ወሰን አታልፉም።

ኃይልን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዝ፣ ቮልቴጁ 3.8 የሆነ ባትሪ 11 ዋት-ሰዓት ያህል ያከማቻል። መሣሪያው በሥራ ላይ 2.5 ዋት ቢፈጅ ከአራት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ለአንድ የትምህርት ቀን አይበቃም፤ ስለዚህ ንድፉ ከፍጥነት ይልቅ ቁጠባን ማስቀደም አለበት። የክረምቱን ደመናና የጦሳን ጉም የሚያውቅ ሰው የፀሐይ ፓነሉን መጠን በበጋ ቀን ብቻ አይለካም።

መሣሪያው ያለ ኔትወርክ መሥራቱም ቅንጦት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለወራት ምን እንደገጠመን ታስታውሳላችሁ። ኪዊክስን የመሰለ ፕሮግራምና አንድ ሜሞሪ ካርድ ዊኪፒዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት እንድናነብ ያስችላሉ።

ክፍት ንድፍ ብቻውን ግን ለስኬት አያበቃም። በባንጋሎር የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት መምህራን የተሳተፉበት ሲምፒዩተር የተባለው የኪስ ኮምፒዩተር ከሃያ ዓመታት በፊት ሊኑክስን ተጠቅሟል፤ የመንደር ሰዎች በየስማርት ካርዳቸው እየተፈራረቁ እንዲጠቀሙበትም ታስቦ ነበር። የተሸጠው ከታቀደው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ርካሽ የሞባይል ስልኮች ቀደሙት። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የሚጠግነውና የሚያሻሽለው ሰው በየከተማው አልተፈጠረም።

እኛ ጋ ያ ሰው አለ። በደሴ ፒያሳ ያሉ የሞባይል ጠጋኞች አምራቾች ንድፋቸውን ሳይሰጧቸው በማይክሮስኮፕና በመለኪያ እየተመሩ የተበላሸ ቦርድ ያስነሣሉ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ቺፕ ለመሥራት አትነሡ። ገበያ ላይ ያለ ትንሽ የሊኑክስ ቦርድ ውሰዱ፤ ስክሪን፣ ኪቦርድና ባትሪ ግጠሙለት፤ በደሴ ብርድም 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ሙቀትም ፈትኑት፤ ንድፉንም በአማርኛ ማብራሪያ አውጡት። ከዚያም የኃይል መሙያ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መሣሪያውን ከነንድፉ ለአንድ ጠጋኝ ስጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሳይጠይቃችሁ ከጠገነው ሥራችሁን ለፈተና አቅርቡ፤ ከጠየቃችሁ ጥያቄውን ጽፋችሁ ወደ ንድፉ ተመለሱ።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄዎች ልለፍ።