ያረጀ የጦር አይሮፕላን እንደ ገና ይብረርን?
(በተማሪዎች አንድነት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የቆምነው ስለ አሮጌ ብረት ልናወራ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። የንግግሩ አርእስት በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ወዳጃችን፥ «ዳቦ በተወደደበት ጊዜ ያረጀ አይሮፕላን ምን ያደርግላችኋል?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ቆይተን እንሞክረዋለን። ዘመኑን የምንቆጥረው ግን እንደ አውሮፓውያን መሆኑን አስቀድመን እንናገር።

መነሻችን ሳብ 17 የሚባለው የስዊድን ቦምብ ጣይ ነው። ስሙ ከአሜሪካው ቢ-17 ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ያኛው ባለ አራት ሞተር፥ ይህኛው ባለ አንድ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1940 ነው። አገራችን ከ1947 ጀምሮ ከአርባ በላይ ገዝታ፥ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት እንደ ገና ይደራጅ ለነበረው አየር ኃይል አሰለፈቻቸው። ዛሬ ከነዚያ አንዱም አይበርም። በስዊድን ግን የሳብ ኩባንያ 60ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1997 አንዱ ሳብ 17 ታድሶ ለመብረር በቃ።

ይህ አይሮፕላን በሦስት ዓይነት ሞተር ተሠርቶ ነበር፤ በእንግሊዙ መርኩሪ፥ በኢጣሊያው ፒያጆና በአሜሪካው ትዊን ዋስፕ። ታድሶ የበረረውም፥ ወደ እኛ የመጡትም በትዊን ዋስፕ የሚነዱት ናቸው። ይህ ሞተር ከ170,000 በላይ ተሠርቷል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አይሮፕላኖችም የሚነዱት በዚሁ ነበር። ወንድም የበዛለት ሞተር መለዋወጫ አያጣም። ፒያጆን የሚጠግን ሰው ግን ከወዴት ያመጣዋል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አይሮፕላኑ እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፥ ቀለሙም ይፋቃል። በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ለማግኘት ብረቱን ቀለም ባለው ፈሳሽ ይቀቡታል፤ ጥቂት ቆይተው ይጠርጉትና ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ቀለም ወደ ዱቄቱ ወጥቶ ቀጭን መሥመር ያሰምራል። የላስቲክ ቱቦና ማሸጊያ ሁሉ አዲስ ቢመስልም እንኳ ይጣላል፤ ላስቲክ ሳይሠራ ተቀምጦም ያረጃልና። የጠፋው ክፍል ከንድፉ ላይ ተነቦ ይሠራል። ንድፉ ከሌለስ? ከተሰበረው ላይ ልክ መውሰድ ነው። ነገር ግን ስብርባሪ ልኩን እንጂ ብረቱ በስንት ሙቀት እንደ ጠነከረ በቀላሉ አይናገርም። ይህን አስተካክሎ የሚያውቀው ወይ ወረቀቱ ነው፥ ወይ የሠራው ሰው።

የማይሳካበትም ጊዜ አለ። በ1947 በግሪንላንድ በረዶ ላይ በግድ ያረፈ ኪ በርድ የተባለ ቢ-29 ነበር። ከ47 ዓመት በኋላ አሜሪካውያን ሄደው በዚያ ብርድ አራቱንም ሞተሮች ለወጡለት፤ ከሠራተኞቹም አንዱ በሥራው ላይ ታሞ ሞተ። በግንቦት 1995 ለመነሣት በበረዶው ላይ ሲንከባለል ከረዳት ጄኔሬተሩ ቤንዚን ፈሰሰና እሳት ተነሣ፤ አይሮፕላኑም ተቃጠለ። በ2022 ደግሞ በቴክሳስ፥ በዳላስ ከተማ፥ በትርኢት ላይ ሁለት ታሪካዊ የጦር አይሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰዎች አለቁ።

ስለዚህ፥ «በሙዚየም ቢቀመጥ ምን ጎደለው?» የሚሉ ከመካከላችን አሉ፤ ትናንት ማታ እስከ አራት ሰዓት ተከራክረንበታል። ያብዛኞቻችን ሐሳብ፥ የቀረው አንድ ብቻ ከሆነ ከመሬት አይነሣ፥ ሞተሩ ብቻ እየተነሣ ይሰማ፤ ወንድሞች ካሉት ግን ይብረር የሚል ነው። ለምን ቢባል፥ ለመቀመጥ የሚታደስ አይሮፕላን ቀለም ከተቀባ ይበቃዋል፤ ሊበር የሚታደሰው ግን ስንጥቁን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ያስፈልገዋል። ለወዳጃችንም መልሳችን ይኸው ነው፤ ያ ሰው በማግሥቱ የወፍጮውንም የአውቶቡሱንም ስንጥቅ ያገኘዋል።

ከሳብ 17 ጋር የሠሩ የአገራችን መካኒኮች ዛሬ በሕይወት ቢገኙ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ነው። ቢሾፍቱ የሚኖሩ ሁለት አባቶች ሊያነጋግሩን ፈቅደዋል፤ አንደኛው የሥራ ደብተራቸውን ገና እንዳልጣሉት ነግረውናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት እንሄዳለን። ለመጻፍ እጁ የፈጠነ አምስት ተማሪ እንፈልጋለንና ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። መኪና ያላቸው መምህር ቢገኙ ደግሞ ቤንዚኑን እኛ እናዋጣለን።