ስለ ሶርያሲስ በሽታና ስለ እርግዝና



ዛሬ የምንነጋገርበት በሽታ ሐኪሞች ሶርያሲስ የሚሉት ነው። በክርንና በጉልበት፣ በራስ ቅልና በወገብ ላይ ከፍ ከፍ ብሎ ይወጣና እንደ ብር የነጣ ቅርፊት ይለብሳል። በጠይም ገላ ላይ መቅላቱ እምብዛም አይታይም፤ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ያደላል። የጤነኛ ሰው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ያህል ሲፈጅበት፣ የዚህ በሽተኛ ቆዳ ግን በጥቂት ቀናት ስለሚታደስ ቅርፊቱ ይደራረባል። ይህም የሚሆነው ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል በገዛ ቆዳው ላይ ስለሚነሣ ነው እንጂ፣ ከንጽሕና ጉድለት ወይም ከሌላ ሰው በመጋባት አይደለም።

ይሁን እንጂ ቁምጥና ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ስለማይጠፋ፣ ከባሏ እንኳ ሳይቀር ክርኗን በነጠላ ሸፍና የምትኖር ሴት ትገኛለች። ይህ መደበቅ የሚጎዳት ደግሞ ይልቁን ባረገዘች ጊዜ ነው።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት እንበል። ከጋብቻዋ በፊት የታዘዘላትን ክኒን በመሳቢያዋ አኑራ በየሳምንቱ ትውጣለች። ባሏ አያውቅም፤ ለአዋላጅዋም አልነገረችም። ክኒኑ ሜቶትሬክሴት የተባለው የሆነ እንደ ሆነ፣ ፅንሱን ሊያስወርዳት ወይም የልጁን አካል ሊያጎድለው ይችላል። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት በሐኪም ምክር ቢያንስ ከሦስት ወር አስቀድማ ታቆመዋለች፤ ስድስት ወር የሚሉም ሐኪሞች አሉ። አሲትሬቲን የተባለው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። እርሱን የወሰደች ሴት ካቆመች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ማርገዝ የለባትም። ጠጅ ወይም ሌላ አልኮል ያለበት መጠጥ ከተጨመረበት መድኃኒቱ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ በሰውነት ውስጥ እጅግ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣልና። እንግዲህ ባልየው ለምን አልተነገረኝም ብሎ ከመቆጣቱ በፊት፣ እንድትነግረው የሚያደፍር ፊት አሳይቷት እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ሳታውቅ ያረገዘች ብትኖር እነዚህን ክኒኖች ወዲያው ታቁምና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ነገር ግን ደንግጣ ሕክምናውን ሁሉ መተው አይገባትም። ቫዝሊንና ሐኪም የመጠነው ለስላሳ ቅባት አይከለከልም፤ በሐኪም ቤት የሚሰጠው የብርሃን ሕክምናም ከፎሊክ አሲድ ጋር ይፈቀዳል። በመርፌ ከሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ሴርቶሊዙማብ የተባለው ወደ ፅንሱ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን በወር ደመወዝ የሚደፈር አይደለም። ፊት ያቀላል እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠውን ብርቱ ቅባት ግን አደራ አትንኪው፤ በብዛት ከተቀቡት የልጁን ክብደት ሊቀንስ ይችላል።

እርግዝናው ራሱ ለብዙዎች እፎይታ ይሆናል። በተደረጉት ጥናቶች ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች ቆዳቸው ተሽሏል፤ ከአራት አንዷ ያህል ግን ብሶባታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚይዘው፣ መግል በቋጠሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የሚገለጠው ዓይነት ነው። የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ በ1872 እ.ኤ.አ. በአምስት ነፍሰ ጡሮች ላይ አይቶ ጽፎታል፤ አብዛኞቹም ሞተዋል። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይነሣል፤ ከዚያ በፊት ሶርያሲስ ያልነበረባትንም ይይዛል። በብብትና በጭን መጋጠሚያ ጀምሮ ሲስፋፋ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ዛሬ ሕክምና አለው፤ ሆኖም ፅንሱ በማኅፀን እንዳለ ሊሞት ስለሚችል እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ከወሊድ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በሽታው በብዙዎች ላይ ያገረሻል። አራሷ ጡት ማጥባቷን አትተው፤ ነገር ግን ቆሞ የነበረውን ክኒን ሐኪም ሳታማክር እንደገና አትጀምር። በጡቷ ላይ የምትቀባው መድኃኒት ቢኖር ካጠባች በኋላ ትቀባው፤ ሕፃኑን እንደገና ከማቀፏ በፊትም በለብ ያለ ውኃ ትጠበው።