ሰሌዳው ሳይጠፋ

አንደኛ አቅራቢ፦ እህቴ፣ ላፕቶፕ ይዞ ሒሳብ ክፍል የሚገባው ተማሪ ያሳዝነኛል። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲያጠፋ፣ እሱ ገና የመጀመሪያውን ክፍልፋይ እየተየበ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለዚያ እኮ ላቴክ የሚባል የቀመር መጻፊያ ፕሮግራም አለ! የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት የራሱ መጽሐፍ ፊደል ለቀማ ቢያስከፋው እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የፊደል ለቀማ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ገነባ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሲታተም ያምራል፤ አልክድም። ግን ለአንድ ክፍልፋይ ያዘመመ ጭረት፣ ትእዛዝ፣ ከዚያ ሁለት ጥንድ ቅንፍ! በእስክሪብቶ አንዲት መስመር ናት። ጣት ቅንፍ ሲቆጥር ጆሮ ምን ይሰማል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የለመደ ይፈጥናል። ግራፍና ሥዕል ላይ ግን እሸነፋለሁ። ስለዚህ ታብሌት ላይ በዲጂታል እስክሪብቶ መጻፉን እመርጣለሁ፤ የተዘለለ እርምጃ ሲገኝ መሃል ላይ ቦታ ከፍቶ ማስገባት ይቻላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። ሙለርና ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በላፕቶፕ የጻፉት ብዙ ቃል ቢመዘግቡም ሐሳቡን በሚፈትኑ ጥያቄዎች በእጅ ከጻፉት አንሰዋል። የተፈተኑበት ንግግር ግን የሒሳብ ትምህርት አልነበረም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚወጣው ነው። መምህሩ የእኩልታውን ሁለቱንም ወገን በአንድ ቁጥር ያባዛው ለምን እንደሆነ የተናገረው ፎቶው ላይ የለም።

አንደኛ አቅራቢ፦ ያንሳው፤ ማታ ግን ፎቶውን ሳያይ በባዶ ገጽ ይሥራው። የቆመበት መስመር ላይ ምልክት ያድርግ፤ ነገ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው እሱን ነው።