የመንግሥት ገንዘብ የሚባል ነገር የለም!

(በአንድ የወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



 ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም። የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ ቀመርና ግራፍ አትጠብቁብኝ። የማወራችሁ ስለ ኪስ ነው፤ ስለ እናንተ ኪስ!

ነገሩን ከሰፈራችን ልጀምር። የቦኖ ውሃ የተመረቀ ዕለት ነው። አንድ ሹም ሪባን ቆርጠው ሲያበቁ፣ «መንግሥት ከኪሱ አውጥቶ ይህን ሠርቶላችኋልና አመስግኑ!» አሉን። እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ጉልት ቸርቻሪ እናት ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ መንግሥት መቼ ሽንኩርት ቸርችሮ ነው ኪስ ያወጣው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ። እውነት ነው እኮ! መንግሥት አያርስም፣ አይሸምንም። በእጁ ያለው ሁሉ ወይ ከእኛ የወሰደው ነው፣ ወይ በእኛ ስም የተበደረው ነው፣ ወይ ያተመው ነው። አራተኛ ምንጭ ቢኖር የውጭ እርዳታ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሌላ አገር ግብር ከፋይ ኪስ የወጣ ነው።

የእኚያን እናት ጥያቄ በምዕራቡ ዓለም ሊበርታሪያን የሚባሉ ሰዎች ብዙ መጻሕፍት ጽፈውበታል። የአስተሳሰባቸው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ሰው የላቡ ባለቤት ነው፤ መንግሥት ሕይወትን፣ ንብረትንና ውልን ይጠብቅ፤ ከዚያ ባለፈ እጁን ይሰብስብ ይላሉ። ከቀደምቶቻቸው አንዱ ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ባስቲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 በሞተበት ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ሁለት ገጽ እንዳለው አስረዳ፤ አንዱ የሚታየው፣ ሌላው የማይታየው። ቦኖው ይታያል። ለቦኖው ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ሳይገዛው የቀረው ጫማ፣ ሳይከፍተው የቀረው ሱቅ ግን አይታይም። ማንም ሪባን አይቆርጥለትም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ግብር አይከፈል ነው የምትለን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም! ግብር ቢያንስ ደረሰኝ አለው። ሕግ ይወጣለታል፣ መጠኑ ይታወቃል፣ የሚያማርር ያማርራል። እኔን የሚያስፈራኝ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። በስሙ የማይጠራው፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባው! በአገራችን ይህ ዓይነቱ ግብር ረጅም ታሪክ አለው፤ ጥቂቱን ላስታውሳችሁ።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል ነበር። ገበሬው የተጣለበትን የእህል ኮታ መንግሥት በወሰነው ዋጋ ማስረከብ ግዴታው ነበር። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነው። ነጋዴው ደግሞ እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያሻግር ኬላ ተተክሎበታል። ጎጃም ውስጥ ገበሬ የነበሩት አያቴ ሲያወጉን፣ ምርቱ ያነሰበት ጎረቤታቸው ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ጉድ በሉ! ገበሬ እህል ገዝቶ ለመንግሥት ይሸጣል! ከተማ ያለው ሰው ከቀበሌ ሱቅ በርካሽ ሲሸምት የሚታየው ርካሽ ጤፍ ነው። የማይታየው የአያቴ ጎረቤት ነው። ገበሬውም ሞኝ አልነበረም፤ ቢያመርት የሚወሰድበት ከሆነ ለምን ይደክማል? በ1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብለው ኮታው ሲነሣ፣ አገሪቱ የብዙ ዓመት ዋጋ ከፍላ ነበር።

«ያ የሶሻሊዝም ዘመን ነው፤ አለፈ» ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ወደ 2003 ዓ.ም. እንምጣ። የኑሮ ውድነት ሲብስ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ሕዝቡ መጀመሪያ ደስ አለው። ከዚያስ? ዕቃው ከመደርደሪያ ተሰወረ። ዋጋው ወረቀት ላይ ረከሰ፣ ዘይቱ ግን የለም! ሰዉ ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ፍሬድሪክ ሃየክ፣ ዋጋ ማለት ወሬ ነጋሪ ነው የሚል ትምህርት ትቶልናል። የት ምን እንደጎደለ፣ ማን ምን ማምጣት እንዳለበት የሚናገረው ዋጋ ነው። የዋጋን አፍ ስትለጉመው ችግሩ አይጠፋም፤ ወሬው ነው የሚጠፋው።

በዚያው በ2003 ዓ.ም. ሌላ ነገር መጣ፤ ይኸኛው ብዙ ሰው ሳያውቀው አለፈ። የግል ባንኮች ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶውን አስልተው፣ በዚያ ልክ ከብሔራዊ ባንክ የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። አንድ ባንክ ለአንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ 1 ሚሊዮን ብር ሲያበድር፣ ሌላ 270 ሺህ ብር ለመንግሥት መስጠት አለበት ማለት ነው። ወለዱ ሲጀመር 3 በመቶ ነበር። ባንኩ ግን ለአስቀማጩ ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍላል። በ5 ገዝተህ በ3 ሽጥ! ይህ ንግድ ነው ወይስ ግብር? ገንዘቡ በአብዛኛው በልማት ባንክ በኩል ለመንግሥት ቅድሚያ ለተሰጣቸው ሥራዎች ዋለ። ልማት ባንኩ ካበደረው ብዙው፣ በተለይ በጋምቤላ ለሰፋፊ እርሻዎች የተሰጠው፣ ሳይመለስ ቀረ። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሠርቶ ተነሣ። የሚታየው በቴሌቪዥን የተመረቀው እርሻ ነበር። የማይታየው ብድር ተከልክሎ ወርክሾፑን የዘጋው ወጣት ነው።

አሁን ደግሞ ሁላችንን ወደሚነካው ልግባ። መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ለብዙ ዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። በተራ አማርኛ፣ ብር ይታተም ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ያገኘው ሚልተን ፍሪድማን የዋጋ ንረትን ከግብር ይቆጥረው ነበር፤ ምክር ቤት ያላጸደቀው ግብር! በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አክስቴ ቤት ልትሠራ ብላ፣ ልብስ ሳትቀይር፣ በዓል በቅጡ ሳታከብር ያጠራቀመችውን 100 ሺህ ብር ባንክ አስቀምጣ ነበር። በ7 በመቶ ወለድ ዓመቱ ሲያልቅ 107 ሺህ ሆነላት። ደብተሯን እያሳየችን ተደሰተች። ነገር ግን ያ 107 ሺህ ብር የሚገዛው ነገር፣ ዓመት በፊት 83 ሺህ ብር ይገዛው የነበረውን እንኳ አያህልም። 17 ሺህ ብሯን ማን ወሰደው? ሌባ አልገባም፣ ደረሰኝ አልተቆረጠም። ብሩ ደብተሯ ላይ አለ፤ ጉልበቱ ግን ወጥቷል። እኔም እውነቱን ልነግራት አንጀቴ አልችል አለ።

ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? አንዱ ቦታ ስኳር ነው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች እንደሚሠሩና አገሪቱ ስኳር ላኪ እንደምትሆን ተነገረን። አብዛኞቹ በጊዜያቸው አላለቁም። ስኳርም ከውጭ መግባቱ ቀጠለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው! የመንግሥት ድርጅቶቹ ዕዳ ተከመረ፣ አበዳሪው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ጎበጠ። በመጨረሻ በ2017 ዓ.ም. ባንኩን ለመደጎም ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጠው ተወሰነ። የዚያ ዓመት የፌዴራል መንግሥት በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። አስተያዩት! ትናንት የፈሰሰው ገንዘብ ሒሳብ የአንድ ዓመት በጀት ያህል ሆኖ መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ከፋዩ ደግሞ ያኔ ያልተወለደ ልጅ ነው።

ፍሪድማን ይህ ለምን እንደሚሆን በቀላሉ አስረድቷል። እኔ በበግ ልተርጉመው። ለራስህ በዓል በራስህ ብር በግ ስትገዛ ላቱን ታያለህ፣ ጥርሱን ትቆጥራለህ፣ ዋጋውን ትከራከራለህ። በሌላ ሰው ብር ለሌላ ሰው ግዛ ብትባል ግን፣ በጉ ቢከሳም ዋጋው ቢንርም ምን ቸገረህ? የመንግሥት ወጪ ይኸኛው ነው። ሹሙ ክፉ ሰው ሆኖ ላይሆን ይችላል። ብሩም የእሱ አይደለም፣ በጉንም እሱ አይበላውም፤ በቃ። የሚበላበት መንገድ ካገኘ ደግሞ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው አገር ውስጥ እንዳለን አትርሱ!

ወገኖቼ፣ እስካሁን ሊበርታሪያኖቹን አሞገስኩ። ሚዛን እንዳይጎድልብኝ ሌላውንም ልናገር። ሐሳባቸው በሥልጣን ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያሳየችው አርጀንቲና ናት። ራሳቸውን ሊበርታሪያን ብለው የሚጠሩት ኻቪየር ሚሌይ የምረጡኝ ቅስቀሳቸውን የሞተር መጋዝ ይዘው አደረጉ፤ የመንግሥትን ወጪ እቆርጣለሁ ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥልጣን ሲይዙ የዓመቱ የዋጋ ንረት 211 በመቶ ነበር። በ2024 መጨረሻ ወደ 118 በመቶ ወረደ፣ በጀቱም ከጉድለት ወጣ። ግን በ2024 የመጀመሪያ አጋማሽ ድህነት ውስጥ ያለው ሕዝብ ከ52 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ወደ 38 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ መጋዙ መጀመሪያ ያገኘው ጡረተኛውንና የቀን ሠራተኛውን ነው። እኛም ቀምሰነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለዓመታት በግድ የተያዘ ዋጋ ሲለቀቅ የሚወድቀው ደሀ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የመልቀቁ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት አንቆ የመያዙም ነው።

ስለዚህ እኔ መንግሥት ይጥፋ ከሚሉት አይደለሁም። ዳኛና ፖሊስ በሌለበት ገበያ የጉልበተኛ ገበያ ነው። የሚራብ ሰው እያለ ዝም በሉ የሚልም ሰው አይደለሁም። ሃየክ ራሱ ማንም ከተወሰነ የኑሮ ደረጃ በታች እንዳይወድቅ መንግሥት ሊደግፍ እንደሚችል ተቀብሏል። ፍሪድማንም ለደሀ ገንዘቡ በቀጥታ እጁ ላይ ይሰጠው ብሏል። በእኛም አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ስንት ነፍስ ደግፏል። ለደሀ በግልጽ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ በደሀ ስም በስውር መውሰድ ሌላ ነገር ነው። «ነጻ ገበያ» እያሉ ለዘመድና ለባለጊዜ ድርጅት ብድርና መሬት ማደልም ነጻ ገበያ አይደለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር መቁረጥ ነው!

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በየዓመቱ ከሐምሌ 1 በፊት በጀት ይጸድቃል። እኛ የምንሰማው ለዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ቢሊዮን ተመደበ የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያው ጎን ከየት እንደመጣ፣ ስንቱ ብድር እንደሆነና ማን መቼ እንደሚከፍለው በሚገባን ቋንቋ ይነገረን። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት አንብቡት። «ያልተወራረደ ሒሳብ» የምትል ቃል ታገኛላችሁ፤ በዚያች ቃል ሥር የእናንተ ገንዘብ ተኝቷል። ያላወራረደው ሹም ሲጠየቅ እስክናይ ድረስ ዝም አንበል። ጋዜጠኞችም ብንሆን ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ማንሳት ብቻ አይበቃንም፤ ወጪው ስንት ነው፣ ስንት ተባለ፣ ስንት ሆነ ብለን እንጻፍ።

እኚያን የጉልት እናት በቅርቡ አገኘኋቸው። ቦኖው ውሃ ካቆመ ሰነባብቷል። «እማማ፣ ምን ሆነ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ባለቤት የለውም ይላሉ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እኛ መስለን ነበር እኮ ባለቤቶቹ» አሉ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ባለቤቶቹ እኛ ነን። ባለቤት ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል እንጂ አያጨበጭብም።