ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ

የድሬ ልጆች!

በአገራችን አፈር እንምላለን፤ አፈሩ የሚያበቅለውን አበባ ግን ስንቶቻችን በስሙ እንጠራዋለን? ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ በመንገዳችሁ ሀርላን ታገኛላችሁ። አሎ ሀርላና የተባለው የእሬት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከሀርላ ነው፤ በተፈጥሮ የሚበቅለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በየመንገዱ ዳር ነጭ አበባ የሚያወጣው ቅንጨ አረም ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ አገር በቀሉን እያፈነው ነው።

እና ቅዳሜ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። አበባውን፣ ቅጠሉን፣ ግንዱን ለየብቻ አንሱ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ስሙን የአካባቢውን አዛውንቶች ጠይቁ፤ በኦሮምኛም ይሁን በሶማሊኛ፣ እንደነገሯችሁ መዝግቡት። ደግሞ እንዳትቀጥፉት! የተቀጠፈ አበባ ዘር አይጥልም።

ስሙን ያላወቅነው አበባ ቢጠፋም አናውቅም።